የልጆች ሮቦትና የሆስፒታሉ መጋዘን

በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ሙያዬ እንድናገር ነው። የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ማውራት ደግሞ አይሰለቸኝም። እኔ ግን «ስለ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር ልናገር» ብዬ ጠየቅኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ በስልክ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እሺ ዶክተር፤ ግን ከሕክምና ጋር ይገናኛል?» አለኝ። ይገናኛል። ያውም የሚገናኘው ከሆስፒታል መጋዘን ጋር ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ትልቋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ በትምህርት ቤቷ የሮቦት ቡድን ተመዘገበች። እኔ መጀመሪያ ሹፌር ነበርኩ፤ ማድረስና መመለስ። ቀጥሎ ቀለብ አቅራቢ ሆንኩ። እስካሁን በዚያ ቡድን ውስጥ የምስር ሳምቡሳዬ ከእኔ የበለጠ ይታወቃል። በኋላ አዘጋጆቹ የበጎ ፈቃድ ዳኛ ሲፈልጉ እጄን አወጣሁ። ኢንጂነር አይደለሁም ብላቸው «ልጆችን ጠይቆ ማዳመጥ ከቻሉ ይበቃል» አሉኝ። ታሪክ መቀበል ለሐኪም ምን ይከብዳል? ይኸው እስከ ዛሬ እዳኛለሁ።

ውድድሩን የሚያዘጋጀው ድርጅት «ፈርስት» ይባላል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን የመጀመሪያው ውድድር በ1992 ኒው ሃምፕሸር፣ ማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ 28 ቡድኖች ይዞ ተካሄደ። ዛሬ በየዕድሜው የተለያየ ደረጃ አለው። ትንንሾቹ በሌጎ ይሠራሉ፤ ልጄ የገባችበት ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉት የሚዘጋጀው ነው። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ አዲስ ጨዋታ ይወጣል፤ ያምናው ሮቦት ለዘንድሮ አይሆንም። ሜዳው በአራቱም ጎን 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ነው። ሮቦቱ ሲጀምር ወደ 45 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። አንዱ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ማንም አይነካውም፤ ልጆቹ አስቀድመው በጻፉለት ፕሮግራም ብቻ ይሄዳል። በቀሩት ሁለት ደቂቃዎች በእጅ መቆጣጠሪያ ይነዱታል። ደግሞ ሁለት ሁለት ቡድን እየተጣመረ ነው የሚጋጠመው። አሁን አጋርህ የሆነው ቡድን ከሰዓት በኋላ ተጋጣሚህ ሊሆን ይችላል። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ እመለስበታለሁ።

የመሥራቹን ስም ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ዲን ኬመን ይባላል። የእጁን ሥራ ግን ታውቁታላችሁ። በ1970ዎቹ ወንድሙ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ በኋላም የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ሆነ። ይህ ወንድሙ «ለትንንሽ ሕፃናት መድኃኒት በትክክለኛ መጠንና ፍጥነት፣ ሳያቋርጥ የሚሰጥ መሣሪያ የለንም» እያለ ያማርር ነበር አሉ። ኬመን በሽተኛው በሰውነቱ ላይ ይዞት የሚንቀሳቀስ ትንሽ የመድኃኒት ፓምፕ ሠራ፤ በ1976ም ለዚሁ ኩባንያ አቋቋመ። ቆይቶም በሽተኛው ቤቱ ሆኖ የሚጠቀምበት የፔሪቶኒየል ዲያሊሲስ ማሽን ሥራ ላይ ተሳተፈ። እኔ በየቀኑ ዘጠኝ መቶ ግራም የሚመዝን ሕፃን አጠገብ ቆሜ፣ በሰዓት አንድ ሚሊ ሊትር የማይሞላ ፈሳሽ የሚገፋ ፓምፕ ሳይ ስለዚያ ወንድም አማራሪነት አስባለሁ። አንድ ሐኪም የቸገረውን መሣሪያ መሥራት ለሚችል ሰው ነገረው። እንግዲህ የልጆቹ ውድድር አባት ይህ ሰው ነው።

አሁን ዳኝነቱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሜዳው ላይ የሚቆጠረው ነጥብ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔና ሁለት ዳኞች ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጣለን፤ ቡድኑ ሮቦቱንና ማስታወሻውን ይዞ ይገባል። የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ምን ተበላሸባችሁ? እንዴት አወቃችሁ? ምን ሞከራችሁ?

አንድ ቡድን አልረሳም። ሮቦታቸው ጠዋት በትክክል ይሄድና ከሰዓት በኋላ መድረስ ካለበት አንድ ስንዝር ቀድሞ ይቆማል። ሦስት ሳምንት ፕሮግራሙን ሲያገላብጡ ከረሙ። ከዚያ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በየሙከራው ሰዓቱን፣ የባትሪውን ቮልቴጅና ሮቦቱ የቆመበትን ቦታ መጻፍ ጀመረች። ገጹን አሳየችኝ፤ በእርሳስ የተሠመረ ሰንጠረዥ። ባትሪው ሲዳከም ሞተሩ ቀስ ይላል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ «ሁለት ሰከንድ ሂድ» ነው የሚለው፤ «ይህን ያህል ርቀት ሂድ» አይልም። እናም ሁለት ሰከንዱ ሲያልቅ ሮቦቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ጎማው የዞረበትን የሚቆጥር መሣሪያ ገጠሙለት፤ ችግሩ ተፈታ። «ለምን ባትሪውን ወዲያው አልቀየራችሁትም?» አልኳት። «ሁለት ነገር አንዴ ብንቀይር የትኛው እንዳዳነው አናውቅም» አለችኝ።

መምህራኖቻችን፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በራውንድ ላይ ስንቴ ነግራችሁናል! አንቲባዮቲኩንም ፈሳሹንም ኦክስጅኑንም ባንዴ ቀይረን ሕፃኑ ሲሻለው «የቱ ነው ያሻለው?» ብላችሁ ስንቴ ዝም አሰኝታችሁናል! እኛ ይህን ለመማር ሃያ ምናምን ዓመት ሞልቶን ነበር። ልጅቷ ገና አሥራ ሦስት ነው ዕድሜዋ።

ሌላው ልብ ያልኩት ነገር ያለው ከሜዳው ጀርባ፣ «ፒት» በሚሉት የጥገና ቦታ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንዲት ጠረጴዛ አለው። በግጥሚያ መካከል ሞተር ይቃጠላል፣ ጥርስ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል። አንዱ ቡድን ዕቃ ሲያጣ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ይዞ ሮጦ የሚመጣው ቀጥሎ የሚገጥመው ቡድን ነው። ይህን ባህል ያስያዟቸው የኤም.አይ.ቲው መምህር ዉዲ ፍላወርስ ናቸው፤ በ2019 አርፈዋል። «ግሬሺየስ ፕሮፌሽናሊዝም» ይሉታል፤ እኔ «ጨዋ ሙያተኛነት» ብለው ደስ ይለኛል። ተፎካክረህ ሥራ፣ ግን ተፎካካሪህን አክብረህና ረድተህ። በዳኝነቱም ይታያል።

ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። ቲ.ቲ.ፒን አስታውሱ! የሜዲሲኑ፣ የጤና መኮንኑ፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ቤት ተከራይቶ፣ በአንድ ድስት እየበላ፣ ቤት ለቤት እየቆጠረ። ማይክሮስኮፑ ሲበላሽ የላቦራቶሪው ልጅ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ምንጭ ሲጎለብት ድንጋይ ያልተሸከመ ማን አለ? (እዚያ ጥግ የምትስቁት ወንድሞች እናንተ እንዳልተሸከማችሁ አውቃለሁ።) ግቢያችን ካስተማረኝ ሁሉ ዛሬም ከእኔ ጋር ያለው እሱ ነው።

አሁን ወደ መጋዘኑ ልምጣ።

በ1998 ዓ.ም. ኢንተርን ሳለሁ የተመደብኩበት አንድ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ እንዲያ ያለ ሆስፒታል ብዙ ነውና። በጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ሁለት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነበር። አንዱ ይሠራል። ሌላው ግድግዳ ተደግፎ፣ አንሶላ ለብሶ፣ በፕላስተር ላይ «አይሠራም» ተብሎ ተለጥፎበት ቆሟል። እኛ ስንመጣ እንደዚያው ነው፤ ከኛ በፊት የነበሩትም እንደዚያው ነው ያገኙት። ከሚሠራው ማሽን ለሦስት ሕፃናት እያከፋፈልን ነበር የምንሰጠው።

አንዲት ያለጊዜዋ የወለደች እናት ነበረች። የሚያስታምማት ወንድሟ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪሲቲ የሚማር ልጅ ነው። ሁለት ቀን ያንን ማሽን ሲያየው ቆየና በሦስተኛው ቀን የክፍሉን ኃላፊ ሲስተር «እትዬ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አላት። ሲስተሯ የሆስፒታሉን ኤሌክትሪሺያን ጠርታ ሁለቱ አብረው ከፈቱት። አየር የሚያስገባው ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኖ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል፤ የሶኬቱ ገመድ ደግሞ ጫፉ ላይ ተቃጥሏል። ማጣሪያውን አጠቡ፣ አደረቁ፣ ገመዱን ቆርጠው እንደገና አሠሩ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተነሳ። የኦክስጅን መለኪያውን የሕፃኑ እግር ላይ አድርገን ቁጥሩ ሲወጣ ቆመን አየን።

የልጁ ዕቃ አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ነበር። ማሽኑ በቆመባቸው ወራት እዚያ ክፍል ያረፉት ሕፃናት ካርድ ላይ የተጻፈው ምክንያት «ያለጊዜ መወለድ» ወይም «ኢንፌክሽን» ነው። «ማጣሪያ» ብሎ የሚጽፍ የለም። ለዚህ ነው ቁጥሩን የማናውቀው።

ይህ የኔ አንድ ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ሀገራት ያሉ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ዝርዝር መርምሮ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው አገልግሎት እንደማይሰጥ አሳየ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ማልኪን ከባልደረባቸው ጋር ያወጡት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ11 ሀገራት፣ አቅማቸው አነስተኛ በሆነ 60 ሆስፒታሎች፣ ኢንጂነሮችና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የቆሙ 2,529 መሣሪያዎችን በአካባቢው በሚገኝ ዕቃ ብቻ ለመጠገን ሞከሩ። 1,821ዱ ተነሡ። 72 በመቶ ማለት ነው፤ ያለ ምንም ከውጭ የመጣ መለዋወጫ። እኛ ሁልጊዜ «መለዋወጫ የለም» ነው የምንለው፤ አይደል?

ምን ዓይነት ዕውቀት አስፈለገ? የኤሌክትሪክ፣ የሜካኒክ፣ የኃይል አቅርቦት፣ የቧንቧ፣ የሞተር። ሩብ ያህሉ ጥገና ደግሞ መሣሪያውን በትክክል መትከልና ተጠቃሚውን ማሠልጠን ብቻ ነበር። ከቆሙት መሣሪያዎች 66 በመቶው 107 በሆኑ መሠረታዊ ክህሎቶች ሊጠገን እንደሚችል አሰሉት፤ ይህም ከአንድ የባዮሜዲካል ቴክኒሺያን ሥልጠና በጣም ያነሰ ነው። ያንን ጥናት ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው ፒቱ ነው። ገመድ የሚፈትሹ፣ ፊውዝ የሚለዩ፣ ሞተር የሚፈቱ፣ ያደረጉትን የሚጽፉ የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች።

«የሮቦት ልጆች የሕክምና መሣሪያ ሲነኩ የት ታየ?» የምትሉ ካላችሁ የአፍጋኒስታን ሴት ልጆችን ቡድን ልጥቀስ። የሄራት ልጆች ናቸው። በ2017 የየሀገሩ ቡድኖች የሚገናኙበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር ዋሽንግተን ሲደረግ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክለው በመጨረሻው ሰዓት ነው የገቡት። በዚያን ሳምንት የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ሁሉ ስለነሱ ያወራ ነበር፤ የቪዛ ክልከላን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግምና። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኮሮና ሲመጣ የዚያው ቡድን ልጆች የኤም.አይ.ቲን ንድፍ ተከትለው፣ የቶዮታ ኮሮላ መለዋወጫ ጭምር ተጠቅመው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ የመተንፈሻ መሣሪያ ናሙና ሠሩ። እንደ ሐኪም የሙከራ ናሙናና በሽተኛ ላይ የሚደረግ መሣሪያ የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ኮሮላ የሞላበት ሀገር ልጆች ስለሆንን ወሬው ሊነካን ይገባል።

ሁሉም ነገር ጥሩ ነው አልልም። ውድድሩ ገንዘብ ይወዳል። አንድ የሌጎ ሮቦት ሳጥን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የትልልቆቹ ደግሞ ከምዝገባው፣ ከዕቃው፣ ከጉዞው ጋር ወደ ሺዎች ይሄዳል። ሀብታም ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ይቀድማል። አባቶች ሌሊት ጋራዥ ውስጥ የሠሩትን ሮቦት ልጆች ይዘው ሲመጡም አይቻለሁ፤ ዳኛ ፊት ሁለት ጥያቄ አያልፍም፣ ግን ይመጣል። እዚህ ባለፈው ዓመት አንድ የማከብራቸው መምህሬ «ወንበር በሌለው ክፍል ሮቦት?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሴም የዉዲ ፍላወርስ ከረጢት ነው። ሰውየው ኤም.አይ.ቲ ሲያስተምሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት ቁርጥራጭና ውዳቂ ዕቃ ሰጥተው «በዚህ ማሽን ሥሩና ተወዳደሩ» ነበር የሚሉት። ውድ ሳጥን አያስፈልግም። ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣ ሞተር፣ ካርቶን፣ የላስቲክ ጎማ፣ ርካሽ የአርዱዊኖ ሰሌዳ። ምናለሽ ተራን የሚያህል የዕቃ ግምጃ ቤት ያለው ሕዝብ የሌጎ ሳጥን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። መነሻም አለን፤ ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የፎቃ የሳይንስ ማዕከልና ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱት የስቴም ማዕከላት ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ለምደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለሴቶቹ። ሰባት ልጆች ያሉበት ቡድን ውስጥ ሁለት ሴቶች ካሉ፣ አንዷ ማስታወሻ ጸሐፊ፣ ሌላዋ ባነር ሠሪ ስትሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ካቻቢቴው ወንዶቹ ጋ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዝም ከተባለ ግን ወደዚያ ነው የሚያዘነብለው። የልጄ ቡድን አሠልጣኝ በየሁለት ሳምንቱ ሥራ የሚያዟዙር ሰሌዳ ሰቀለ፤ የአንድ ወረቀት ጉዳይ ነበር። እኛስ በቀዶ ሕክምና ክፍል ወንዱ ሲሰፋ ሪትራክተር ይዘን ብቻ የቆምንባቸው ሰዓታት ትዝ አይሉንም?

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። በከተማችን ያሉ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍልና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የሮቦት ውድድር እንጀምር፤ ጨዋታው ግን ከሆስፒታል ይምጣ። ለምሳሌ የደም ናሙና ሳይደፋ ከዋርድ ላቦራቶሪ የሚያደርስ ትንሽ ጋሪ። ማጣሪያ ሲደፈን የሚጮህ መሣሪያ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሙቀቱ ሲያልፍ መብራት የሚያበራ ነገር። ችግሩን ነርሶቹ ይምረጡት፤ ከኛ በላይ ያውቁታል። ዳኞቹ ከኢንጂነሪንግ፣ ከባዮሜዲካልና ከሕክምና ይውጡ። ከነጥቡ ግማሹ ለማስታወሻው ይሁን።

ከዚሁ ጎን ለጎን ትልልቆቹ ተማሪዎች በባዮሜዲካል ባለሙያዎቹ ሥር ሆነው መጋዘን ውስጥ የቆሙትን መሣሪያዎች ይመዝግቡ። እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። በሽተኛ የነካ ዕቃ ሳይጸዳ ልጅ እጅ አይገባም። ኤክስሬይና ዲፊብሪሌተር በፍጹም አይከፈትም፤ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ነገር ውስጡ አለ። የተጠገነ መሣሪያም ባለሙያው ለክቶና ፈርሞ ሳያስረክብ ወደ ዋርድ አይመለስም። ልጆቹ ምዝገባውን ብቻ በሥርዓት ቢጨርሱልን እንኳ የትኛው በፊውዝ፣ የትኛው በገመድ፣ የትኛው በማጣሪያ እንደቆመ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ይኖረናል።

የውጭዎቹ ወገኖቼ፣ ከናንተ ቲሸርትና ሜዳልያ አልጠይቅም። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካላችሁ መልቲሜትርና ትንንሽ ሞተር አምጡ። ባትሪ አታምጡ፤ ኤርፖርት ላይ ይነጠቃል፣ እዚህም ይገኛል። የሀገር ውስጦቹ ደግሞ ቅዳሜያችሁን ስጡን፤ በወር አንድ ቅዳሜ። የፋኩልቲው ድርሻ አንድ ክፍል፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛና አንድ ፊርማ ነው። ፊርማው ከሁሉም ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

የስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስልክ ቁጥራችሁንና የምትችሉበትን ቅዳሜ ጻፉ። የባዮሜዲካል ክፍሉ ባልደረባችን ደግሞ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ ይጠብቀናል። እስካሁን ለመሄድ የተስማማነው አምስት ነን። አቧራ አለው፤ ነጭ የለበሳችሁ ጋቢ ደርባችሁ ኑ።